የማያመው ቁስል

ቡራዩ ውስጥ በምሠራበት ጤና ጣቢያ፣ ብልቱ ላይ ቁስል የወጣበት ሰው መጀመሪያ የሚነግረኝ ስለ ጨጓራው ነው። ዋናው ነገር የሚወጣው በሩን ዘግቼ፣ ሳልቸኩል ስጠብቀው ነው። የሚያመው ሰው ቶሎ ይመጣል። እኔን የሚያሳስበኝ የማያመው ነው።

አንድ የአምቦ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር «ሲስተር፣ አያመኝም እኮ፤ አሞክሳሲሊን ገዝቼ ጀምሬያለሁ፤ እየደረቀ ነው» አለኝ። ጓንት አድርጌ አየሁት። አንድ ብቻ ነው፤ ክብ፣ ንጹሕ፣ ጠርዙ ሲዳሰስ እንደ አዝራር ጠጣር። የቂጥኝ ቁስል አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ነው፤ ከግንኙነት በኋላ በአማካይ በ3 ሳምንት ይወጣል። ባይታከምም በ3 እስከ 6 ሳምንት ይደርቃል፤ ባክቴሪያው ግን ሰውነት ውስጥ ይቀራል። ባለቤቱ ነፍሰ ጡር ናት። ቂጥኝ ጽንስ ይገድላል። «የእሷ ደም ነጻ ቢልም የቂጥኙን መርፌ ትወስዳለች፤ መንገሩ ካቃተህ አብረን እንነግራታለን» አልኩት።

ሌላው የብልት ቁስል፣ ከርክር፣ እንደ ድሮው ባይበዛም፣ ሲመጣ በቀናት ውስጥ ነው፤ ለስላሳ፣ ጠርዙ የተበጣጠሰ፣ መግል የያዘ፣ ሲነካ የሚያስጮህ። ባምቡሌ ደግሞ ቁስሉ ሳይታወቅ ይጠፋና ብሽሽት ላይ እብጠት ይተዋል። መጽሐፍ ላይ እንዲህ ይለያያሉ። ሰው ላይ ግን ቂጥኝና ከርክር አንድ ላይ ሊገኙ ይችላሉ፤ ቅባት የነካካው ቁስል መልኩ ይቀየራል፤ በቫይረስ የሚመጣው ሄርፒስም አለ። ሐኪሞችም ቂጥኝንና ከርክርን ለረጅም ዘመን አንድ በሽታ አድርገው ያዩ ነበር። የከርክርን ባክቴሪያ ጣሊያናዊው አውጉስቶ ዱክሬይ በ1889 እ.ኤ.አ.፣ የቂጥኙን ጀርመናውያኑ ሻውዲንና ሆፍማን በ1905 እ.ኤ.አ. አገኙት።

የደም ምርመራው ቁስሉ በወጣ ሰሞን ቂጥኝን ላያሳይ ይችላል፤ ከርክርን በላቦራቶሪ ማሳደግ ደግሞ የጤና ጣቢያ አቅም አይደለም። ስለዚህ በአገራችን መመሪያ የምናክመው በምልክቱ ነው። ለቂጥኝ 2.4 ሚሊዮን ዩኒት ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ለሁለት ተከፍሎ በሁለቱም መቀመጫ ይወጋል፤ ለከርክር ሲፕሮፍሎክሳሲን፣ ለሄርፒስ አሲክሎቪር ይጨመራል። መድኃኒት በዛ የሚሉ አሉ። ውጤት ጠብቅ የተባለ ሰው ከመርካቶ ነቀምት ሲመላለስ እንደሚጠፋ ስለማውቅ፣ እኔ በዚያው ቀን ማከሙን እመርጣለሁ።

ክፍት ቁስል ለኤችአይቪ መግቢያ ስለሆነ እሱንም እንመረምራለን። ታካሚው በሳምንቱ ይመለሳል፤ ያልተሻለውን ሆስፒታል እልከዋለሁ።