በሦስት ካንዴላ የሚሄድ መኪና

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ሲጓዙ፥ የሐሙስ ገበያተኛ መንገዱን በሞላበት ቀን፥ ሐሙሲት ሳይደርሱ የአሮጌው ቮልስዋገንዎ ድምፅ ተቆራረጠ፥ ጉልበቱም ደከመ እንበል። «ካርቡራተሩ ይለወጥ» የሚል መካሪ አይጠፋም። የወር ደመወዝዎን ከማውጣትዎ በፊት ግን ሞተሩን ራሱን ይጠይቁት።

ሞተሩ 4 ሲሊንደሮች አሉት። በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር እያንዳንዱ ካንዴላ በሴኮንድ 25 ጊዜ እሳት ይረጫል። አንዱ ከሰነፈ ሸክሙ በሦስቱ ላይ ይወድቃል።

ምርመራው እንዲህ ነው። ሞተሩን አጥፍተው የአንዱን ካንዴላ ገመድ ይንቀሉ፤ ጫፉን ከሞተሩ ብረት ጋር አገናኝተው ሞተሩን ያስነሡ፤ ያዳምጡም። በገመዱ ውስጥ በሺሕ የሚቆጠር ቮልት ስለሚያልፍ፥ ሞተሩ ሲሠራ በእጅዎ አይንኩት። ድምፁ ከባሰበት ያ ሲሊንደር ሠራተኛ ነበረ፤ ካልተለወጠ ሰነፉ ተገኘ።

ቀጥሎ የሰነፉን ካንዴላ ከጎረቤቱ ጋር ያለዋውጡ። ሕመሙ ካንዴላውን ተከትሎ ከሄደ ጥፋቱ የካንዴላው ነው። በስፍራው ከቀረ ገመዱን፥ ገመዱ ደኅና ከሆነም ቫልቩን ያስመርምሩ።

የካንዴላው መልክም ይናገራል። ፈዛዛ ቡናማ ጤና ነው፤ ደረቅ ጥላሸት ቤንዚን መብዛቱን ያመለክታል፤ ዘይት ከታየበት የፒስተኑን ቀለበት ይጠርጥሩ። የጣና ዳር ከፍታ 1,800 ሜትር ያህል ስለሆነ አየሩ ሳሳ ይላል፤ ለባሕር ጠረፍ የተስተካከለ ካርቡራተር እዚህ ቤንዚን ያበዛል። ይህም የሚሻው ማስተካከል እንጂ መለወጥ አይደለም።

እንግዲህ ጋራዥ ሲገቡ «መኪናዬ ታመመች» ከማለት ይልቅ የታመመውን ሲሊንደር ቁጥር ይንገሩ። ሕመሙን የሚያውቅ ደንበኛ ለጤነኛው ዕቃ አይከፍልም።