ጅብ በየት በኩል ይለፍ?

ኮሪደር ሲባል ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ አዲስ አበቤ ቶሎ የሚታየው ሰፋፊ የእግረኛ መንገድና መብራት ነው። እኔ ላወራችሁ የፈለግኩት ግን ስለሌላ ኮሪደር ነው፤ ጅብ ስለሚሄድበት።

ከተማችን ውስጥ ጅብ እንዳለ ሌሊት ድምፁን የሰማ ሁሉ ያውቃል። ቀን እንጦጦ ጫካ ወይም ወንዝ ዳር ጉድጓድ ውስጥ ይውልና ሲመሽ ይወርዳል። በየት በኩል? አስፋልት ይዞ አይደለም እኮ! እንደ ቀበናና ቀጨኔ ያሉት ወንዞች ከእንጦጦ ተነስተው ከተማውን ሰንጥቀው ወደ አቃቂ ይወርዳሉ። ሸለቆው ጨለማ ነው፣ ቁጥቋጦ አለው፣ ማታ ሰው አይበዛበትም። ለአውሬ ከዚህ የተሻለ መንገድ ከየት ይመጣል?

ጣጣው የሚጀምረው ይህ መንገድ ሲቆረጥ ነው። ባለፈው ክረምት አንድ ማለዳ ወደ ክፍል ስሄድ ድልድይ አጠገብ መኪና የገጨው ጅብ ወድቆ አየሁ። ከከበቡት ሰዎች መካከል «እሰይ!» ያለም ነበር። አልዋሽም፣ እኔም ጅብ አልወድም። ጎንበስ ብዬ ከሥር ሳይ ግን ወንዙ የሚያልፈው በጠባብ ቱቦ ነው፤ አፉም በቆሻሻ ተደፍኗል። እንስሳው አስፋልት ላይ የወጣው ወዶ አይመስለኝም።

«እሰይ» ላለው ሰውዬ አንድ ነገር ልንገረው። በመቀሌ ተሠርቶ በ2021 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት የአካባቢው ጅቦች በዓመት 207 ቶን ያህል ጥንብ እንደሚያነሱ ገምቷል። ይህም አባ ሰንጋና የከብት ሳንባ ነቀርሳ እንዳይዛመት ያግዛል።

ፓርክ መሥራት ብቻውን አይበቃም። መውጫና መግቢያ የሌለው ፓርክ ደሴት ነው፤ እዚያ የተዘጉ ጥቂት እንስሳት እርስ በርሳቸው እየተዳቀሉ ዘራቸው ይዳከማል። በ2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የሸገር ወንዝ ዳርቻ ፕሮጀክት ሲታቀድ 56 ኪሎ ሜትር የሚሸፍን ነበር። ርዝመቱ ተስፋ ይሰጣል። ዳርና ዳሩ በግንብ ታጥሮ ሌሊቱን ሙሉ መብራት ከበራበት ግን ለሰው መናፈሻ፣ ለአውሬ አጥር ይሆናል። እኔ ብጠየቅ አንደኛው ዳር ጨለማ ሆኖ ወይራና ጽድ ይተከልበት፣ ድልድዩም ሥር ከውኃው ጎን ደረቅ መረማመጃ ይተው እላለሁ።

ጉሬዛማ የዛፍ ኗሪ ስለሆነ የድልድይ ሥር መንገድ አይሆነውም። ኬንያ፣ ዲያኒ ውስጥ ከአስፋልቱ በላይ ከዛፍ ዛፍ የገመድ መሰላል ዘርግተውለት ይሻገራል። ገመድ ስንት ብር ነው?

ያን ድልድይ ባለፈው ሳምንት ደግሜ አየሁት። ቱቦው እንደተደፈነ ነው።