ሆደ ቡቡ ሰው ደካማ ነው?

በየቤቱ አንድ ሆደ ቡቡ አይጠፋም፤ ዜና እያየ ዓይኑ እንባ የሚያቀርር፣ ሰው ሲጣላ አብሮ የሚታመም። ስለ እሱ የሚባለው ብዙ ነው፤ አብዛኛው ግን ሲመረመር ውሃ አያነሳም።

ተረት፦ «ወንድ ልጅ በሆዱ ነው የሚያለቅሰው፤ ዋጥ ሲያደርጉት ያልፋል።»

እውነታ፦ በ1997 እ.ኤ.አ. አሜሪካውያኑ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ጄምስ ግሮስና ሮበርት ሌቨንሰን ለሰዎች አሳዛኝና አስቂኝ ፊልም አሳዩ። ከፊሎቹን «ስሜታችሁ ፊታችሁ ላይ እንዳይታወቅ» አሏቸው። ሐዘናቸውን የደበቁት ሐዘኑ አልቀለላቸውም፤ ሰውነታቸው ግን ውስጥ ውስጡን ይበልጥ ተወጥሮ ተገኘ። ሳቃቸውን ያፈኑት ደግሞ ደስታቸው ራሱ ቀነሰባቸው። በሁለቱም በኩል ኪሳራ!

ተረት፦ «ተሞላቅቆ ስላደገ ነው።»

እውነታ፦ አስተዳደግ ድርሻ አለው። ሆኖም በ2020 እ.ኤ.አ. በብሪታንያ መንትዮች ላይ የወጣ ጥናት ሰው ከሰው በስሜት ስስነት ከሚለያይበት ልዩነት 47 በመቶ ያህሉ ከዘር የሚመጣ መሆኑን አሳይቷል። በሽታም አይደለም።

ተረት፦ «እንዲህ ያለው ሰው ቶሎ ይሰበራል።»

እውነታ፦ ግማሹ ልክ ነው፤ ክፉ ቃል እሱ ላይ ይከርማል። ደግ ቃልም እንዲሁ፣ ይህኛውን ግን ማንም አይቆጥርለትም። ለምሳሌ በእንግሊዝ፣ ድህነት በበረታበት አካባቢ ባለ ትምህርት ቤት፣ ልጃገረዶች ችግርን የመቋቋም ትምህርት ተሰጣቸው። ወራት አልፈው ሲታይ የድብርት ምልክት የቀነሰላቸው ስሜታቸው ስስ የሆኑት ናቸው። በሌሎቹ ላይ ትምህርቱ ያመጣው ለውጥ አልታየም።

ተረት፦ «ስሜት ለሥራ አይረባም።»

እውነታ፦ ይህን የሚል ሰው ጎበዝ ሙሾ አውራጅ አላየም ማለት ነው። ለቅሶ ቤት ስትገባ መጀመሪያ ትጠይቃለች፤ ሟች የማን ልጅ ነው፣ ማንን ጥሎ ሄደ? ቀጥሎ ዓይኗ ይዞራል። ጥግ ላይ እንባ አልወጣ ያለውን ወንድም ታገኘዋለች፣ ሙሾዋን ወደ እሱ ታዞራለች፣ ያን ጊዜ የታፈነው ይወጣል። የሌላውን ሕመም ከፊቱ ማንበብ ሙያዋ ነው። ነርስም፣ መምህርም፣ ሽማግሌም ያለዚህ ችሎታ ሥራቸው ጎዶሎ ነው።

«ሆደ ቡቡ ሁሉ ዝምተኛ ነው» የሚባለውስ? ጉዳዩን ለረጅም ዓመታት ያጠኑት የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ኢሌን አሮን 30 በመቶ ያህሉ ተጫዋችና ሰው ወዳድ ናቸው ይላሉ። እድር ላይ ድምፁ ከሁሉ ጎልቶ የሚሰማው ሰውዬ ቤቱ ገብቶ የተናገረውን ሲያነሳ ሲጥል ሊያድር ይችላል።