የጡት ካንሰር፦ እብጠት ያገኘች ሴት ልታውቀው የሚገባ

በአገራችን ሴቶችን ከሚያጠቁ የካንሰር ዓይነቶች መካከል የጡት ካንሰር ቀዳሚውን ሥፍራ ይይዛል። በዓለም ደረጃም በየዓመቱ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ሴቶች በሽታው እንዳለባቸው ይነገራቸዋል። በጊዜ ከተደረሰበት የሚድን በሽታ ሆኖ ሳለ፣ እኛ ዘንድ ብዙዎች ሐኪም ፊት የሚቀርቡት ከሰፋ በኋላ ነው።

እኔ ሕክምናውን ከጨረስኩ ስምንት ዓመት አልፎኛል። ከዚያ ወዲህ በዘመድ በጎረቤት አፈላልገው የሚመጡ ሴቶችን አማክራለሁ፣ ሲያስፈልግም አብሬያቸው ሄጄ ወረፋ እጠብቃለሁ። ሐኪም አይደለሁም፤ ሐኪም ያዘዘውንም አልሽርም። ከዚህ በታች ያሰፈርኩት ሴቶቹ ደጋግመው የሚጠይቁኝን ነው።

“አያመኝም፣ ታዲያ ምን አስቸኮለኝ?”

ትልቁ ችግር እዚህ ላይ ነው። የጡት ካንሰር ሲጀምር አብዛኛውን ጊዜ አያምም። ጡት ውስጥ ወይም ብብት ሥር ጠጠር ያለ እብጠት፣ እንደ ብርቱካን ልጣጭ የተቦረቦረ ቆዳ፣ በቅርቡ ወደ ውስጥ የገባ የጡት ጫፍ፣ ደም የቀላቀለ ፈሳሽ ካያችሁ ሐኪም ይመልከተው። ጡት ላይ የሚገኝ እብጠት ሁሉ ካንሰር አይደለም፤ እንዲያውም አብዛኛው አይደለም። ነገር ግን በእጅ ዳስሶ “ይሄ ምች ነው”፣ “ወተት ቋጥሮ ነው” ብሎ መለየት አይቻልም። ወጣትነትም ሆነ ማጥባት ዋስትና አይሆንም። ጥቂት ቢሆኑም ወንዶችም ይያዛሉ።

“መርፌ ከነካው ይሰራጫል ይባላል”

ይህ ወሬ ብዙ ሴቶችን ከምርመራ አስቀርቷል። በመርፌ ናሙና መውሰድ ካንሰሩን አያሰራጨውም። የሚያሰራጨው ጊዜ ነው። ናሙናው ካንሰር መሆን አለመሆኑን ብቻ ሳይሆን ዓይነቱንም፣ ለምሳሌ በሆርሞን የሚያድግ መሆኑን ያሳያል። መድኃኒቱ የሚመረጠውም በዚህ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ዕቅድ ምርመራው በ60 ቀናት ውስጥ እንዲያልቅ ይመክራል። ስለዚህ ለሚመጡት ሁሉ አንድ ደብተርና አንድ ክላሰር እንዲገዙ እነግራቸዋለሁ። ውጤቶቹ አይጥፉ፣ ቀጠሮ ይመዝገብ፣ ለሐኪሙ የሚቀርበው ጥያቄም ቀድሞ ይጻፍ። የደነገጠ ሰው ከሚነገረው ግማሹን አይሰማምና ሐኪም ዘንድ ብቻችሁን አትግቡ።

“ጡቴ የግድ ይቆረጣል?”

የግድ አይደለም። እብጠቱ ትንሽ ሆኖ ከተገኘ እሱን ብቻ አውጥቶ የጨረር ሕክምና መስጠት የሚቻልበት ጊዜ አለ። ቀድሞ መሄድ ሕይወትን ብቻ ሳይሆን አንዳንዴ ጡትንም ያተርፋል። ለአንዳንዶች ደግሞ እብጠቱ እንዲያንስ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ኬሞቴራፒ ይሰጣል።

ኬሞው አብዛኛውን ጊዜ በየሦስት ሳምንቱ ነው። ፀጉር ብዙውን ጊዜ ከመጀመሪያው ዙር በኋላ በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ ይረግፋል፤ ሕክምናው ሲያልቅ ይበቅላል። ልጆች እንዳይደነግጡ አስቀድሞ መንገር ይሻላል። ከፀጉሩ ይልቅ የሚያሳስበው ትኩሳት ነው። ኬሞ በምትወስዱበት ወቅት ሙቀታችሁ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ሌሊትም ቢሆን ሳይነጋ ሆስፒታል ሂዱ። ጥሬ ሥጋና ያልፈላ ወተት ለዚያን ጊዜ ይቆይ።

መሃል ላይ ማቋረጥ

ብዙ ሴቶች የሚጠፉት እዚህ ነው። የጨረር ሕክምና ለረጅም ዓመታት የነበረው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። በቅርብ ዓመታት እንደ ጅማ ባሉ ከተሞች ቢጀመርም፣ ከገጠር ለምትመጣ እናት ማደሪያና ትራንስፖርት ከበሽታው ያላነሰ ፈተና ነው። እድሮቻችን ለቀብር ድንኳን እንደሚተክሉ ሁሉ፣ አባላቸው በሕይወት ሳለች ለሕክምናዋ ቢያዋጡ ምን አለበት? እኔ የማውቃቸው ጎረቤቶች በየተራ ልጆች እየያዙ አንዲት እናት ሁሉንም ዙር እንድትጨርስ አድርገዋል።

ሌላው ማቋረጫ “ድኛለሁ” የሚለው ስሜት ነው። ካንሰራቸው በሆርሞን የሚያድግ ሴቶች እንደ ታሞክሲፈን ያለ ኪኒን ቢያንስ አምስት ዓመት፣ አንዳንዴም አሥር ዓመት መዋጥ አለባቸው። ምንም ሳያማችሁ የምትውጡት መድኃኒት በሽታው እንዳይመለስ የሚጠብቃችሁ ነው። ጸበል የምትጠመቁም ኪኒኑን ሳታቋርጡ ተጠመቁ፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

ለባሎችና ለቤተሰብ

የጡት ካንሰር አይተላለፍም። አብሮ መብላት፣ አብሮ መተኛት፣ ልጅ ማቀፍ አያሲዝም። እርግማንም አይደለም። ሕመምተኛዋ እንዳትደነግጥ ብላችሁ ውጤቷን አትደብቁባት። ምን እንደያዛት ያላወቀች ሴት ሕክምናው ሲከብዳት የምትጸናበት ምክንያት አይኖራትም። ይልቅ ቀጠሮዋን አስታውሷት፣ እስከ ሐኪሙ ክፍልም አብራችኋት ግቡ።

አባቶች “በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም” ይላሉ። ይህን የምታነቡ እህቶች፣ ጡታችሁ ላይ የጠረጠራችሁት ነገር ካለ “እስቲ በዓሉ ይለፍ” ሳትሉ በዚህ ሳምንት ሐኪም አማክሩ። ብቻችሁን መሄድ ከፈራችሁ ደግሞ የምታምኑትን ሰው ይዛችሁ ሂዱ።

ጤናውን ያድለን።