ዘውድ ያስጫነው አውራ ጣት

ኳስ ተጫዋች ቀኝ እግሩ ሲከዳው በግራው ይሞክራል። ሞተር ላይ ግን እንዲህ ያለ ነገር የለም። የኋላው ፍሬን የሚረገጠው በቀኝ እግር ነው፤ ግራው የማርሽ ነው። ታዲያ ቀኙ አልሰራ ካለ ምን ይደረጋል? አውስትራሊያዊው ሚክ ዱሃን መልሱን ያገኘው እጁ ላይ ነው።

ጊዜው እ.ኤ.አ. 1992 ነው። ዱሃን በ500 ሲሲ የዓለም ሻምፒዮና ከመጀመሪያዎቹ ሰባት ውድድሮች አምስቱን ጠራርጎ ወስዷል። ዋንጫው የእሱ መስሎ ሳለ ሆላንድ፣ አሰን ላይ በልምምድ ወድቆ ቀኝ እግሩ ተሰበረ። ጉዳቱ ከፍቶ እግሩ ሊቆረጥ ሲል ጣሊያናዊው ዶክተር ክላውዲዮ ኮስታ ወደ አገሩ ወሰደው። ደም እንዲያገኝም የተጎዳውን እግር ከጤነኛው ጋር ሰፋው። እግሩ ተረፈ፤ ዋንጫው ግን አመለጠ። አራት ውድድር አልፎት ሲመለስ አሜሪካዊው ዌይን ሬይኒ በ4 ነጥብ ብቻ በለጠው።

ከዚያ ወዲህ ቁርጭምጭሚቱ አልታዘዝ አለ። በተለይ ሞተሩ ወደ ቀኝ ሲጋደም ፔዳሉን መርገጥ የማይሞከር ሆነ። በ1993 ግን መላ ተገኘ። በመሪው ግራ በኩል በአውራ ጣት የሚገፋ ትንሽ የፍሬን ማንሻ ተገጠመለት። ከዚያማ ማን ይቻለው! ከ1994 እስከ 1998 አምስት ዋንጫ በተከታታይ ወሰደ። በ1997 ብቻ ከ15 ውድድሮች 12ቱን አሸነፈ።

የጣት ነገር የሻምፒዮኖች ብቻ አይደለም። በጭቃና በአቧራ የሚፎካከሩት የሞቶክሮስ ጋላቢዎችም ይጨነቁበታል። በፊት ፍሬኑና በፍሪሲዮኑ ማንሻ ላይ የሚያርፈው አመልካች ጣት ብቻ ነው፤ ሌሎቹ መሪውን ይጨብጣሉ። አራቱንም ጣት ማንሻው ላይ የዘረጋ ሰው ጉድጓድ ሲያጋጥመው መሪው ሊያመልጠው ይችላል። ስለዚህ ማንሻዎቹ ጫፋቸው ከአመልካች ጣት ጋር እንዲገጥም ወደ መሃል ይገፋሉ። ቆመው ሲነዱ የእጅ አንጓ እንዳይታጠፍም ወደታች ዘንበል ይደረጋሉ። ብሎናቸው ከልክ በላይ አይጠብቅም፤ ሞተሩ ሲወድቅ መሪው ላይ ይዞራሉ እንጂ በቀላሉ አይሰበሩም።

ዱሃን በ1999 ሄሬዝ ላይ ዳግም ወድቆ ከውድድር ተሰናበተ። መላው ግን አብሮት አልሄደም። ዛሬም በሞቶ ጂፒ የኋላ ፍሬናቸውን በእጅ የሚይዙ አሉ፤ ያውም እግራቸው ጤነኛ ሆኖ!