«ቻይና ነው»፣ «ዳገት አይወጣም»፦ ስለ ኤሌክትሪክ መኪና የሚባለውና እውነቱ

የሆንዳ የአሜሪካ ዋና መሥሪያ ቤት የሚገኘው እኔ በምኖርባት በቶራንስ፣ ካሊፎርኒያ ነው። የቶዮታም ወደ ፕላኖ፣ ቴክሳስ እስከ ተዛወረበት እስከ 2017 ድረስ (ቀኖቹና ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) እዚሁ ነበር። የከተማችን ሰው ስለ መኪና የጸና አስተያየት አለው። ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ ላይ ቡና ስንጠጣም ወሬው ወደዚያው ይሄዳል። የሚያሳስበኝ ያ አስተያየት በስልክ አዲስ አበባ ሲደርስ ነው። እህታችን «ገንዘብ አጠራቅሜያለሁ፣ የትኛውን ልግዛ?» ትለናለች፤ እኛም 405 ፍሪዌይ ላይ ያየነውን ይዘን እንመልስላታለን። እርሷ ዕድሜ ልኳን ያጠራቀመችውን ብር በእኛ ቃል ታወጣለች።

«ኤሌክትሪክ መኪና የትናንት ነገር ነው፣ ገና አልተፈተነም» ከሚለው ልጀምር። የካሊፎርኒያ የአየር ጥበቃ ቦርድ ትልልቆቹ አምራቾች ጭስ አልባ መኪና እንዲሸጡ የሚያስገድድ ደንብ ያወጣው በ1990 ነው። በዚህ ግፊት ሆንዳ «ኢቪ ፕላስ»ን፣ ቶዮታም ኤሌክትሪክ «ራቭ 4»ን በ1997 እዚሁ ካሊፎርኒያ መንገድ ላይ አወጡ። ጀነራል ሞተርስ በ«ኢቪ 1» በ1996 ቀድሟቸው ነበር። ባትሪው ውድና አጭር ርቀት የሚሄድ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን ደንቡ ሲላላ አምራቾቹ ፊታቸውን አዞሩ፤ ጀነራል ሞተርስ በኪራይ የሰጣቸውን መኪኖች ሰብስቦ አብዛኞቹን ጨፈለቃቸው። ሜዳው ባዶ የቀረው ያኔ ነው ብዬ አምናለሁ። ሆንዳ በ2024 አሜሪካ ውስጥ መሸጥ የጀመረው «ፕሮሎግ» የተሠራው በጀነራል ሞተርስ ባትሪና መዋቅር፣ በሜክሲኮ ባለው የጀነራል ሞተርስ ፋብሪካ ነው። በ1997 የጀመረ ኩባንያ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ የሌላውን መዋቅር መያዙ ያሳዝነኛል፤ ሆንዳን እወዳለሁና።

ያን ባዶ ሜዳ የያዘው ማን እንደሆነ ስናይ ደግሞ ሁለተኛው አባባል ይመጣል፦ «ቻይና ነው፣ ቶሎ ይሰበራል። ጥሩ ቢሆን ኖሮ አሜሪካ ይገባ ነበር።» ቢዋይዲ በ1995 ሼንዘን ውስጥ የተቋቋመው በባትሪ አምራችነት ነው፤ መኪና የመጣው በኋላ ነው። ከእኛ በስተሰሜን በላንካስተር፣ ካሊፎርኒያ፣ ከ2013 ጀምሮ የኤሌክትሪክ አውቶቡስ ይገጣጥማል። በ2025 ከ2.2 ሚሊዮን በላይ ሙሉ ኤሌክትሪክ መኪና ሲሸጥ ቴስላ 1.6 ሚሊዮን ገደማ ሸጦ ተቀድሟል። መኪኖቹን ቶራንስ ላይ የማናያቸው ስለማይረቡ አይደለም። ከመስከረም 2024 ጀምሮ ቻይና በተሠራ ኤሌክትሪክ መኪና ላይ የተጣለው ቀረጥ መቶ በመቶ ነው፤ በጥር 2025 የወጣ ሌላ ደንብ ደግሞ ከ2027 ሞዴል ጀምሮ ከቻይና ጋር ግንኙነት ያለው የመኪና ሶፍትዌርን ይከለክላል። እዚህ በራችን ተዘግቷል፤ አዲስ አበባ ላይ ግን በጥር 2024 የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ (ዶ/ር) ኤሌክትሪክ ያልሆነ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን አስታወቁ። ሁለቱ ከተሞች የሚያዩት ገበያ ለየቅል ሆነ።

«የጀርመን ነው» ተብሎ አዲስ አበባ ላይ በኩራት የሚነዳው የቮልስዋገን «አይዲ 6» ለቻይና ገበያ ብቻ፣ እዚያው ቻይና የተሠራ ሞዴል ነው። ቴስላም ሻንጋይ ውስጥ ትልቅ ፋብሪካ አለው። ስለዚህ ምልክቱን አይቶ መፍረድ አያዋጣም። ቅሬታው ግን ከባዶ አልተነሣም። ለቻይና ገበያ የተሠራ መኪና ስክሪኑ በቻይንኛ ሊሆን ይችላል፤ የሶፍትዌር ማሻሻያ ላይደርሰው፣ የአምራቹ ዋስትናም ከአገሩ ውጭ ላይሠራ ይችላል። እህታችን ሻጩን መጠየቅ ያለባት «ሲበላሽ የሚከፍተው ጋራዥ የት ነው? መለዋወጫውስ?» ብላ ነው። መልሱም በወረቀት ይሰጣት።

«እንግዲያው ከዚህ ያገለገለ ቴስላ ገዝቼ ልላክላት» የሚልም አለ። አሜሪካ ውስጥ የተሸጠ ቴስላ የቻርጅ መሰኪያው የአሜሪካ ነው፤ ኢትዮጵያ የሚገቡት መኪኖች ግን አብዛኞቹ ከቻይና ስለሆኑ የሚጠቀሙት «ጂቢ/ቲ» የሚባለውን የቻይና መሰኪያ ነው። በፈጣን ቻርጀር ላይ ሁለቱ አይገጣጠሙም። «ቤቷ ቻርጅ ማድረግ አትችልም» የሚለው ደግሞ ከእኛ ግድግዳ የመነጨ ይመስለኛል። የአሜሪካ ተራ ሶኬት 120 ቮልት ስለሆነ ለመኪና የሚሰጠው 1.4 ኪሎዋት ያህል ነው። የኢትዮጵያው 220 ቮልት ነው፤ በ10 አምፔር ብቻ 2.2 ኪሎዋት ይሰጣል። አሥር ሰዓት ካደረ ለትንሽ መኪና ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ይሆናል። መብራት ቢጠፋ ሲመለስ ይቀጥላል። ብቻ የቤቱን ሽቦና የኧርዝ መስመሩን የኤሌክትሪክ ባለሙያ አስቀድሞ ይይልሽ በሏት፤ አሮጌ ቀጭን ሽቦ ሌሊቱን ሙሉ እንዲህ ያለ ጭነት መሸከም የለበትም።

ከሁሉም በላይ የተገለበጠው «የአዲስ አበባን ዳገት አይችልም» የሚለው ነው። ቤንዚን ሞተር ለማቃጠል አየር ይፈልጋል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ እዚያ አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ከአምስት አንድ እስከ ሩብ ያህሉን ያጣል። ወደ እንጦጦ ሲወጣ ደግሞ የበለጠ ያጣል። የኤሌክትሪክ ሞተር አይተነፍስም፤ ሎስ አንጀለስ የባሕር ዳርቻ ላይ ያለው ጉልበት እንጦጦ ላይም ያው ነው። ቁልቁለቱ ላይም ጥቅሙ ይታያል። ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ ድልድይ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወረዳል። 1,800 ኪሎ የሚመዝን መኪና አንድ ሺህ ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት በስሌት 5 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። ቤንዚን መኪና ከዚህ ብዙውን በፍሬን ሙቀት ያባክነዋል፤ ያንን የፍሬን ሽታ በዚያ የተጓዘ ሁሉ ያውቀዋል። ኤሌክትሪክ መኪና ግን ሞተሩ ወደ ጄኔሬተርነት ተለውጦ የተወሰነውን ወደ ባትሪው ይመልሳል። ድልድዩን ተሻግሮ ወደ ደጀን ሲወጣ ከተመለሰለት በላይ ያወጣል እንጂ ሞተሩ አይደክምም። ለክፍለ ሀገር መንገድ የሚያሠጋው ዳገቱ አይደለም፤ ከአዲስ አበባ ሲወጡ የቻርጅ ጣቢያ መሳሳቱ ነው። ሥራዋ ባሕር ዳርና ጎንደር የሚያመላልሳት ከሆነ ይህን ሳታጣራ እንዳትገዛ እመክራታለሁ።

«ባትሪው በሦስት ዓመት ይሞታል» የሚልም አለ። አሜሪካ ውስጥ የተለመደው የባትሪ ዋስትና 8 ዓመት ወይም 100,000 ማይል ነው። ፍርሃቱ ሥር አለው፦ የመጀመሪያዎቹ የኒሳን «ሊፍ» መኪኖች ባትሪ በፈሳሽ አይቀዘቅዝም ነበርና የአሪዞና ሙቀት አቅሙን ቶሎ በላው። ባትሪን አብዝቶ የሚጎዳው ሙቀት ነው። የአዲስ አበባ ለስላሳ አየር ይስማማዋል፤ ድሬዳዋና አፋር ላይ ግን የባትሪው ማቀዝቀዣ ምን ዓይነት እንደሆነ መጠየቅ ግድ ነው።

«ይቃጠላል» የሚለውን የስዊድን የአደጋ መከላከል መሥሪያ ቤት በቁጥር አይቶታል፦ በ2022 ከ611,000 ገደማ ኤሌክትሪክና ቅይጥ (ሃይብሪድ) መኪኖች 23 ያህል ሲቃጠሉ፣ ከ4.4 ሚሊዮን የቤንዚንና የናፍጣ መኪኖች ወደ 3,400 ተቃጥለዋል። አንዴ ከተነሣ ግን የባትሪ እሳት ለማጥፋት እጅግ አስቸጋሪ ነው።

«ኤሌክትሪኩም ከጭስ ነው የሚመጣው» የሚለው ለእኛ አገር ጨርሶ አይሆንም። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ከ90 በመቶ በላይ ከውኃ ነው፤ በመስከረም 2025 የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ብቻ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። ቤንዚኑ በሙሉ ግን በዶላር ከውጭ ይገዛል።

እዚህ በኡበርና በሊፍት ለምንሠራው ደግሞ ሁለት የተሳሳቱ ወሬዎች አሉ። አንደኛው «መንግሥት 7,500 ዶላር ይሰጣል» የሚለው ነው፤ የፌዴራሉ የግብር ቅናሽ መስከረም 30 ቀን 2025 አብቅቷል፤ ብቻችንን በካርፑል መስመር የሚያስኬደን የካሊፎርኒያ ተለጣፊም በዚያው ቀን ቆሟል። ሁለተኛው «ተከራይ ነኝ፣ አከራዩ ቻርጀር አያስገባኝም» የሚለው ነው። በካሊፎርኒያ ሕግ አምስትና ከዚያ በላይ የመኪና ማቆሚያ ባለው የኪራይ ሕንፃ የሚኖር፣ ማቆሚያው በኪራይ ውሉ የተካተተለት ተከራይ፣ ወጪውን ራሱ ሸፍኖና ሕጉ የሚጠይቀውን አሟልቶ በጽሑፍ ከጠየቀ አከራዩ እንዲፈቅድ ይገደዳል። የስቴቱ ደንብ በ2030 የኡበርና የሊፍት ጉዞ 90 በመቶው በኤሌክትሪክ እንዲሆን ስለሚጠይቅ፣ ጥያቄውን ዘንድሮ ጽፎ ማስገባት ይሻላል።