ሁለት መዝገብ፣ አንድ ፎልደር

ኦሎምፒያ ላይ፣ በአፍሪካ ጎዳና ግራና ቀኝ በቆሙት ሕንፃዎች ውስጥ፣ የሒሳብ ክፍሉ ዊንዶውስ ላይ በፒችትሪ ሲሠራ ከጎኑ ያሉት ፕሮግራመሮች ላፕቶፓቸው ላይ ኡቡንቱ የጫኑበት ቢሮ ቢገኝ አያስገርምም። ፋይል የሚያስቀምጡት ግን አንድ ሰርቨር ላይ ነው። ጠዋት ፕሮግራመሩ ያስቀመጠውን የጨረታ ሰነድ ከሰዓት በኋላ የሒሳብ ሠራተኛዋ ዋጋ ልትሞላበት ትከፍተዋለች፤ ይከፈትላታል። ሴቭ ስትል ግን «አክሰስ ዲናይድ» ይላታል። ሰርቨሩ አልተበላሸም። «ይህ ሰው ማን ነው? ምንስ ተፈቅዶለታል?» ሲባል ሁለቱ ሥርዓቶች የሚገልጡት መዝገብ ይለያያል።

ዩኒክስ እ.ኤ.አ. በ1969 በአሜሪካው ቤል ላብስ ተጀመረ፤ ኡቡንቱ የቆመበት ሊኑክስ የፈቃድ ሥርዓቱን የወረሰው ከእሱ ነው። እዚህ ተጠቃሚ ማለት ቁጥር ነው። በመደበኛው አሠራር ፋይሉ የሚያውቀው ባለቤቱን፣ አንድ ግሩፕንና ሌላውን ሁሉ ብቻ ነው። ማንበብ 4፣ መጻፍ 2፣ ማስኬድ 1 ተብለው ይደመራሉ፤ ስለዚህ 770 የተባለ ፎልደር ለባለቤቱና ለግሩፑ ወለል ብሎ ሲከፈት ለሌላው ዝግ ነው። የሒሳብ ሠራተኛዋን ያገዳት 644 ነው፦ ባለቤቱ ይጽፋል፣ የቀረው ያነባል። ሊኑክስ ላይ አዲስ ፋይል ብዙ ጊዜ የሚፈጠረው በዚህ ፈቃድ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው ዊንዶውስ ኤንቲ ሌላ መንገድ ያዘ። እያንዳንዱ ፋይል የራሱ የስም ዝርዝር አለው፤ እገሊት ታንብብ፣ የግዢ ክፍል ይጻፍ፣ እገሌ አይግባ እየተባለ ሊረዝም ይችላል። ሰውም የሚታወቀው ኤስ-1-5-21 ብሎ በሚጀምር ረጅም መለያ ነው።

የዩኒክስ ማሽኖች እርስ በርስ ፋይል የሚጋሩበት ኤንኤፍኤስ፣ እ.ኤ.አ. በ1984 በሰን ማይክሮሲስተምስ የተሠራው፣ በተለመደው አሠራሩ ላፕቶፑ የነገረውን ቁጥር አምኖ ይቀበላል። ኡቡንቱ ሲጫን ደግሞ ለመጀመሪያው ተጠቃሚ የሚደርሰው ቁጥር 1000 ነው። አሥር ፕሮግራመሮች አሥር ላፕቶፕ በየራሳቸው ከጫኑ አሥሩም 1000 ናቸው፤ በሰርቨሩ ዓይን አንድ ሰው ሆኑ ማለት ነው።

በዊንዶውስና በሊኑክስ መካከል አስተርጓሚው ሳምባ ነው። አንድሩ ትሪጅል እ.ኤ.አ. በ1991 መጨረሻ፣ ካንቤራ በሚገኘው የአውስትራሊያ ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ ሳለ ጀመረው። ዊንዶውስ ፋይል የሚጋራበት ቋንቋ ኤስኤምቢ ይባላል፤ ትሪጅልም እነዚህን ሦስት ፊደላት በቅደም ተከተል የያዘ ቃል ከቃላት ዝርዝር ውስጥ ሲፈልግ ያገኘው የጭፈራውን ስም ነው። ሳምባ የተጫነበት የሊኑክስ ሰርቨር ለዊንዶውሱ ዊንዶውስ መስሎ ይቀርባል፤ ረጅሙን መለያም ወደ ዩኒክስ ቁጥር ይመልሳል።

አስተርጓሚው ብቻውን አይበቃም። ሠራተኛው ሁሉ በአንድ መዝገብ መግባት አለበት፤ መዝገቡ የዊንዶውሱ አክቲቭ ዳይሬክተሪ ወይም እ.ኤ.አ. ከ2012 ወዲህ ሳምባ ራሱ ሊሆን ይችላል። ፈቃድም ለእገሌ ሳይሆን ለግሩፕ ይሰጥ። ፎልደሩ 2770 ሲደረግ ከፊት ያለችው 2 በውስጡ የሚፈጠር ሁሉ የፎልደሩን ግሩፕ እንዲይዝ ታደርጋለች፤ ሳምባም አዲስ ፋይል 660 ሆኖ እንዲፈጠር ይታዘዛል። ኡቡንቱ የጫኑትም በዚያው በሳምባው በር ቢገቡ የጨረታው ሰነድ ጣጣ ያከትማል።

ስም ሌላው ጣጣ ነው። ሊኑክስ በትልቅና በትንሽ ፊደል የተጻፈን የእንግሊዝኛ ስም እንደ ሁለት ፋይል ይቆጥራል፤ ለዊንዶውስ አንድ ናቸው። ግዕዝ ትልቅና ትንሽ ስለሌለው ከዚህ ያመልጣል፤ «ሥራ» እና «ስራ» ግን በሁለቱም ዘንድ ሁለት ፋይሎች ናቸው። ርዝመትም አለ። ሊኑክስ ለአንድ ስም 255 ባይት ይሰጣል፤ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚይዝ ስሙ 85ኛው ፊደል ላይ ያበቃል። ዊንዶውስ 255 ፊደል ስለሚቀበል፣ የደብዳቤውን ጉዳይ በሙሉ የፋይል ስም ማድረግ የለመደ ጸሐፊ ሰነዱን ወደ ሰርቨሩ ሲቀዳ እምቢ ይለዋል።

ሠራተኛ ሲለቅ ደግሞ ልዩነቱ ይታያል። ዊንዶውስ መለያን ለሌላ ሰው ደግሞ አይሰጥም፤ በባለቤቱ ስም ቦታ ያ ረጅም መለያ ብቻ ይቀራል። ሊኑክስ ላይ የተሰረዘው ሰው ቁጥር በፋይሎቹ ላይ እንዳለ ይቆያል። ቁጥሩ ለአዲስ ተቀጣሪ ከተሰጠ፣ የቀድሞው ሰው ፋይል ሁሉ በመጀመሪያው የሥራ ቀን የእርሱ ይሆናል። ልምድ ያለው የአይቲ ባለሙያ የለቀቀ ሠራተኛን ዩዘር ይዘጋል እንጂ አይሰርዝም።